የተጠማች ነፍስ ዜማ፡ ናፍቆተ እግዚአብሔር ከቅዱስ ያሬድ እስከ ዳሞታ ተራራ ግርጌ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በወላይታ ምድር ናፍቆት ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። በመስከረም የሚከበረው የጊፋታ በዓል ከመድረሱ ብዙ ወራት አስቀድሞ አባወራው ለበሬ መግዣ ከባልንጀሮቹ ጋር ገንዘብ ያጠራቅማል፤ እማወራዋ ቅቤ ታኖራለች፤ ለሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች የወጣው ልጅ ደግሞ የመመለሻውን ቀን ይቆጥራል። የናፈቀ ሰው እጁን አጣጥፎ አይቀመጥም፤ ይዘጋጃል፣ ይቆጥባል፣ መንገድ ይጀምራል። ናፍቆት በልብ ውስጥ ሽው ብሎ የሚያልፍ ስሜት ብቻ ሳይሆን ሰውን ከተቀመጠበት የሚያስነሣ ኃይል ነው።

ነፍስም የምትናፍቀው አላት። ቅዱስ ዳዊት በግእዙ መዝሙር በ41ኛው ነፍሱን የውኃ ምንጭ ከምትፈልግ ዋላ ጋር ያነጻጽራታል። በ62ኛው ውኃ በሌለበት ምድር ሆኖ አምላኩን መጠማቱን፣ በ83ኛው የእግዚአብሔርን አደባባዮች ከመናፈቅ የተነሣ ነፍሱ መዛሏን ይናገራል። በ136ኛው መዝሙር ደግሞ በባቢሎን ወንዞች ዳር የተቀመጡት ምርኮኞች ጽዮንን እያሰቡ ማልቀሳቸውንና መሰንቋቸውን መስቀላቸውን እናነባለን። ቤተ ክርስቲያን ዝማሬን የተማረችው ከእነዚህ ከተጠሙና ከተሰደዱ ሰዎች አንደበት ነው።

ይህን ጉዳይ ለማንሣት ያነሣሣን በወጣቶቻችን ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማ አንድ ጥያቄ ነው። «የቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ክቡር መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ልቤን አይነካውም። እግዚአብሔርን የሚናፍቅ መዝሙር የምሰማው ከሌላ ስፍራ ነው» የሚሉ አሉ። ጥያቄው በቁጣ ሊመለስ አይገባውም፤ ጠያቂው የተጠማ ሰው ነውና። የተጠማን ሰው ወደ ምንጩ መምራት እንጂ ስለ ጥሙ መገሠጽ አይገባም። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያናችን ዜማ ውስጥ ናፍቆተ እግዚአብሔር ከየት ተነሥቶ እንዴት እንደ ኖረ፣ ወደ እኛም ወደ ወላይታ ሲደርስ ምን እንደ ገጠመው በታሪክ መንገድ እንመልከት።

ከናፍቆት የተወለደ ዜማ

የዜማችን አባት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአክሱም የኖረ ሊቅ ነው። ገድሉና ግንቦት 11 ቀን የሚነበበው ስንክሳር እንደሚተርኩት፣ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ ተማርሮ በሸሸበት መንገድ ላይ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ አንድ ትል ወደ ዛፉ ሊወጣ እየሞከረ ደጋግሞ ሲወድቅ በመጨረሻም ሲሳካለት ተመለከተ። ከዚያች ትል ትዕግሥትን ተምሮ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት ክፍል ሰምተነዋል። በትምህርት ጽናት ምሳሌነቱም እንጠቅሰዋለን። ነገር ግን ትሉን ወደ ላይ የሳበው በዛፉ ላይ ያለው ፍሬ መሆኑን ልብ እንበል። በላይ የሚፈለግ ነገር ባይኖር ኖሮ ሰባት ጊዜ መውደቅና ሰባት ጊዜ መነሣት ምን ትርጉም ይኖረው ነበር?

ቀጥሎም እግዚአብሔር ሦስት አዕዋፍን ልኮለት ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም እንደ ተነጠቀ፣ በዚያም የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ምስጋና ሰምቶ ወደ አክሱም እንደ ተመለሰ ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ከዚህ በኋላ ቅዱስ ያሬድ በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የዜማ ስልቶች ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን ደረሰ። ነገሩን በማስተዋል ለሚመለከት ሰው ያሬዳዊ ዜማ የአንድ ሰው የሙዚቃ ፈጠራ ተብሎ አያበቃም። ሀገሩን አይቶ የመጣ ሰው ለሀገሩ የሚዘምረው ነው። በምድር ቆሞ የሰማዩን ዜማ የሚያሰማ ሰው በየዕለቱ ናፍቆቱን ያድሳል።

ይህም በሕይወቱ ፍጻሜ ታየ። ንጉሡ ዐፄ ገብረ መስቀል በትሩን ተደግፎ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲሰማ የበትሩ ሹል ጫፍ በሊቁ እግር ላይ አረፈ። ደም ሲፈስ ዘማሪው አልተሰማውም፤ ንጉሡም አላስተዋለም። ንጉሡ ነገሩን ባወቀ ጊዜ ደንግጦ የፈለገውን እንዲጠይቀው ነገረው። ቅዱስ ያሬድ ግን ሹመትም ርስትም አልጠየቀም። ወደ ገዳም ሄዶ በጸሎት እንዲኖር እንዲሰናበት ብቻ ለመነ። በአክሱም ጽዮን ደጅ ቆሞ ለእመቤታችን አንቀጸ ብርሃን የተባለውን ምስጋና አድርሶ ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ። ዜማው በቤተ መንግሥት ፊት ክብር ቢያስገኝለትም በዚያ አላስቀረውም። የእውነተኛ መንፈሳዊ ዜማ አንዱ ምልክት ይህ ነው፤ ዘማሪውን ከጭብጨባው መካከል አውጥቶ ወደ እግዚአብሔር ይወስደዋል።

በየቤታችን ያለው የናፍቆት መጽሐፍ

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ቤት ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚገኘው የጸሎት መጽሐፍ ዳዊት ነው። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን የዳዊትን መጽሐፍ አሰካክ ልብ ብለን አናየውም። መዝሙሮቹ ከተፈጸሙ በኋላ 15ቱ የነቢያት መዝሙራት (መሓልየ ነቢያት) ይከተላሉ። ከእነርሱ ቀጥሎ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞን ይመጣል። ከዚያ ውዳሴ ማርያም ይቀጥልና በቅዱስ ያሬድ አንቀጸ ብርሃን ይፈጸማል።

ይህ አሰካክ በራሱ ትምህርት ነው። መጀመሪያ ዳዊት ይጠማል። ቀጥሎ ሙሴ፣ ሐና፣ ሕዝቅያስ፣ ዮናስ፣ ዕንባቆምና ሌሎቹም ከባሕር ዳር፣ ከሕመም አልጋ፣ ከዓሣ አንበሪ ሆድ ይጮኻሉ። ከዚያ በመኃልየ መኃልይ የምትወደውን በሌሊት በከተማው መንገዶች የምትፈልገው ሙሽራ ትመጣለች። አባቶቻችን ይህችን ሙሽራ በምሥጢር ቤተ ክርስቲያን፣ እመቤታችንና ምእመን ነፍስ ናት ብለው ተርጉመዋታል። በመጨረሻም የተናፈቀው በድንግል ማርያም ማኅፀን ሰው ሆኖ መገኘቱ በውዳሴዋ ይመሰገናል። ስለዚህ ዳዊት የሚደግም ሰው ከጥም ተነሥቶ ወደ ምንጩ የሚወስደውን መንገድ በየዕለቱ ይሄዳል።

ለሀገራችን የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመልን ቅዱስ አትናቴዎስ፣ ስለ መዝሙራት ለማርሴሊኖስ በጻፈው መልእክቱ አንድ ድንቅ ነገር ያስተምራል። በሌሎቹ ቅዱሳት መጻሕፍት የሌሎችን ሰዎች ነገር እንሰማለን፤ መዝሙርን ስናነብ ግን ቃሉ የራሳችን ይሆናል፤ መዝሙር ነፍስ የራሷን መልክ የምታይበት መስተዋት ነው ይላል። እንግዲያስ «ልቤን አይነካውም» የሚል ወጣት አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «መዝሙሩ ስለ ማን ይናገራል? ቃሉን የራሴ አድርጌ ብዬዋለሁን?» ብሎ ነው። የማያውቁትን ቃል የራስ ማድረግ ግን አይቻልም። ይህን ጉዳይ ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ናፍቆት ጊዜና ሥርዓት አለው

ቤተ ክርስቲያን ናፍቆትን ለሰው ስሜት ብቻ አልተወችውም፤ በዓመቱ ዑደት ውስጥ ጊዜ ሰጥታዋለች። ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት ይገባል። በታኅሣሥ ወር ከልደት በፊት ያሉት ሦስቱ ሳምንታት ደግሞ ስብከት (ታኅሣሥ 7–13)፣ ብርሃን (ታኅሣሥ 14–20) እና ኖላዊ (ታኅሣሥ 21–27) ተብለው ይጠራሉ። በእነዚህ ሰንበታት የሚሰበኩት ምስባኮች ከመዝሙረ ዳዊት የተወሰዱ ልመናዎች ናቸው። የመጀመሪያው እግዚአብሔር እጁን ከአርያም እንዲልክ ይለምናል፤ ሁለተኛው ብርሃኑን እንዲልክ ይማጸናል፤ ሦስተኛው የእስራኤልን እረኛ እንዲያደምጥ ይጣራል። እጅ፣ ብርሃን፣ እረኛ። የሰመጠ ሰው እጅ ይሻል፤ በጨለማ ያለ ብርሃን ይሻል፤ የጠፋ በግ እረኛ ይሻል። የ5500 ዘመን የአዳምና የልጆቹ ናፍቆት በሦስት ሳምንታት ውስጥ እንዲህ ይዜማል። በገና ሌሊት የሚሰማው ደስታም ትርጉም የሚኖረው እነዚህን ሦስት ሳምንታት ለጠበቀ ሰው ነው። ሳይራብ ማዕድ የቀረበለት ሰው የማዕዱን ጣዕም እንዴት ያውቃል?

በዐቢይ ጾም ደግሞ ናፍቆት በዝምታ ይነገራል። ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ሊቃውንቱ በመቋሚያ ብቻ በጾመ ድጓው ዜማ ያመሰግናሉ። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጕዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሣዕና የተባሉት ሰንበታት ስማቸውን ያገኙት ከቅዱስ ያሬድ መዝሙራት ነው። የከበሮው ዝምታ ጆሮን ያስርባል። በትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመለስ የሚሰማን ደስታ ከዚያ ረኃብ የተነሣ ነው።

በዚህ ጾም ከቤተ መቅደስ ውጭ በየቤቱ የሚደረደረው በገናም የዚሁ ትምህርት ክፍል ነው። ዐሥሩ አውታር ከበግ አንጀት ይሠራል፤ በአውታሩና በመቀመጫው መካከል የሚገቡት ቍርበቶችም ያንን የሚያርገበግብ ጥልቅ ድምፅ ይሰጡታል። ደርዳሪው አይጮኽም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ሞቱን፣ ኃጢአቱንና የአምላኩን ምሕረት ያስባል። መምህር ዓለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምሩት የነበረው የበገና ትምህርት በደርግ ዘመን ተቋርጦ ነበር። ዛሬ ግን በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየግቢ ጉባኤው በገና የሚማሩ ወጣቶች በዝተዋል። በጩኸት መካከል ያደገ ትውልድ ይህን ዝግ ያለ ድምፅ ፈልጎ መምጣቱ ነፍስ የሚያስፈልጋትን እንደምታውቅ ያሳያል።

ስሜትና ናፍቆት አንድ አይደሉም

እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሰው በዜማ ሲነካ ዕንባው ይፈስሳል፤ ሰውነቱም ይርዳል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። የላቲኑ ሊቅ አውግስጢኖስ በኑዛዜ መጽሐፉ በሚላኖ ቤተ ክርስቲያን የሰማው ዝማሬ እንዴት እንዳስለቀሰው ይመሰክራል። ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ በሌላ ክፍል፣ ከሚዘመረው ቃል ይልቅ ዜማው የሚያስደስተው ሆኖ በሚያገኘው ጊዜ ይህን እንደ በደል እንደሚቆጥረውና ዘማሪውን ባይሰማ እንደሚመርጥ ይናገራል። እንዲያም ሆኖ ዝማሬ በቤተ ክርስቲያን መኖሩን አልተቃወመም። ደካማ ነፍስ በጆሮዋ በኩል ወደ ፍቅረ እግዚአብሔር ትነሣለችና።

ስሜትን ከናፍቆት የሚለየው ከዝማሬው በኋላ የሚሆነው ነው። ስሜት መዝሙሩ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል፤ ደግሞም ሌላ፣ ከፊተኛው የበረታ መዝሙር ይፈልጋል። ናፍቆት ግን መዝሙሩ ካለቀ በኋላ ይጀምራል። ወደ ንስሐ አባት ይወስዳል፤ ከተጣላነው ወንድም ጋር ያስታርቃል፤ በጾም ያጸናል፤ በመጨረሻም በቅዱስ ቍርባን ፊት ያቆማል። በቤተ ክርስቲያናችን ማኅሌቱ ወደ ቅዳሴ፣ ቅዳሴውም ወደ ሥጋውና ደሙ የሚያመራው ስለዚህ ነው። ዋላዋ ምንጩ ዳር ስትደርስ ስለ ውኃ መዘመር አይበቃትም፤ ትጠጣለች። ሌሊቱን ሙሉ ዘምሮ ሳይቆርብ የሚመለስ ወጣት ምንጩን አይቶ ሳይጠጣ እንደ ተመለሰ ነው። የእኛ ትልቁ ጕድለት የሚያስለቅስ መዝሙር ማጣት ሳይሆን ከዚህ ማዕድ መራቅ እንዳይሆን እንፈትሽ።

ናፍቆቱ በወላይታ ምድር

አሁን ወደ ራሳችን ሀገር እንምጣ። በገድለ ተክለ ሃይማኖት ውስጥ የዳሞት ነገር የሚጀምረው በመለያየት ነው። የዳሞቱ ገዥ ሞተሎሚ በዘመቻው የጻድቁን እናት እግዚእ ኀረያን ማርኮ ወደ ሀገሩ ወሰዳት። ባሏ ጸጋ ዘአብ በአንድ ወገን፣ እርሷ በሌላ ወገን ሆነው ወደ እግዚአብሔር ጮኹ። ቅዱስ ሚካኤልም በክንፉ ተሸክሞ መለሳት። ከዚያ በኋላ የተወለዱት ጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው ወደ ዳሞት ወርደው ወንጌልን ሰበኩ። እናታቸውን የማረከው ሞተሎሚም በስብከታቸው አመነ። የበቀል ታሪክ ሊሆን ይችል የነበረው የጥምቀት ታሪክ ሆነ። የወላይታ ሕዝብ ቃላዊ ታሪክ ደግሞ ሞቶሎሚን የወላይታ ማላ ነገሥታት መሥራች አድርጎ ያስታውሰዋል። ከሶዶ ከተማ በላይ የቆመው ተራራም ዳሞታ ተብሎ ይጠራል። ስለዚህ ወንጌል ለዚህ ምድር ትናንት የመጣ እንግዳ አይደለም፤ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተዘራ ዘር ነው።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመናት አለፉ። በ1887 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ብዙ ደም በፈሰሰበት ጦርነት ካዎ ጦናን ድል ነሥቶ ማረከ። ከአዲሱ አስተዳደር ጋር አብያተ ክርስቲያናት በብዛት ታነጹ፤ ካህናትም መጡ። እውነቱን መናገር ይገባናል፤ ለብዙ ወላይታዎች ቤተ ክርስቲያን የታየቻቸው ከወታደሩና ከባላባቱ ጎን ቆማ ነበር። ቅዳሴውና ማኅሌቱ በግእዝ፣ ስብከቱም በአማርኛ ነበር። የተጠመቀው ብዙ ሲሆን በቋንቋው የተማረው ጥቂት ነበር። እነዚያ ካህናት በብዙ ድካም መቅደሱን ጠብቀው አኑረውልናልና ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የገበሬው ሚስት በማታ እሳት ዳር ተቀምጣ አምላኳን የምትናፍቅበት፣ በራሷ ቋንቋ የተሠራ ዝማሬ ከእኛ ዘንድ አላገኘችም።

በ1928 እ.ኤ.አ. የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ሶዶ ገቡ። ጣልያን ሀገራችንን ወርሮ ሚስዮናውያኑን በ1937 እ.ኤ.አ. ካስወጣቸው በኋላም የመሠረቷቸው ማኅበራት በአገሬው ሰዎች እጅ እጅግ በዙ። ያም ዝማሬ በወላይትኛ ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በወላይታ ዞን የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ቁጥር ከአምስት ሰው አንድ ያህል ነበር። ከዞኑ ሕዝብ ከመቶ 95 በላይ የሚሆነው ደግሞ አፉን የፈታው በወላይትኛ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አንድ ላይ ማንበብ ለሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን የቤት ሥራ ይሰጣል። ሰው ከቤተ ክርስቲያን የሚርቅበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ሁሉም በቋንቋ አይፈታም። ነገር ግን የተጠማ ሰው በሚገባው ቃል «ና፣ ጠጣ» ወደ ተባለበት ቢሄድ ሊያስደንቀን አይገባም።

በዚሁ አካባቢ የተፈጸመ ሌላ ታሪክም አለን። በ1983 ዓ.ም. ከየዩኒቨርሲቲው ለወታደራዊ ሥልጠና ከወላይታ በስተ ምሥራቅ ከሚፈስሰው ከብላቴ ወንዝ አጠገብ ወደሚገኘው የብላቴ ማሠልጠኛ የተወሰዱ ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች በዚያ በረሃ ተሰባስበው ይጸልዩ ነበር። ነገ ወደ ጦር ግንባር እንሄዳለን ብለው የሚጠብቁ ወጣቶች ነበሩ። ከዚያ ጸሎትና ስብስብ የተነሣው ሐሳብ በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ሆኖ ወጣ። ዛሬ እኛ በየዩኒቨርሲቲው የምንማርበት ግቢ ጉባኤ በዚያ በረሃ የተጠሙ ወጣቶች ጸሎት ፍሬ ነው። ከቤትና ከደብር መራቅ ናፍቆትን እንደሚያነድድ የብላቴ ታሪክ ምስክር ነው።

ቅዱሳን በሕዝባቸው ቋንቋ ዘመሩ

አንዳንዶች በወላይትኛ መዘመር ከአባቶች ሥርዓት መውጣት ይመስላቸዋል። ታሪክ ግን ሌላ ይናገራል። ቅዱስ ያሬድ በግእዝ ሲዘምር ግእዝ የአክሱም ሕዝብ መነጋገሪያ ነበር፤ ንጉሡም ገበሬውም ይሰሙት ነበር። ቅዱስ ያሬድ ለሰማያዊው ዜማ የሕዝቡን ቋንቋ አለበሰው።

ከእርሱ በፊት በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረውን የሶርያውን ቅዱስ ኤፍሬምንም እንመልከት። በኤዴሳ ከተማ የባርዲሳንና የልጁ የሐርሞንዮስ ዝማሬዎች በሕዝቡ ዘንድ ተወድደው የስሕተት ትምህርታቸው በዜማው ጣዕም ውስጥ ይገባ ነበር። ቅዱስ ኤፍሬም ምን አደረገ? ሕዝቡን «አትዝፈኑ» ብሎ በመከልከል አልቆመም። በሕዝቡ ቋንቋ በሱርስት የቀናውን ሃይማኖት የሚያስተምሩ፣ በፍቅረ እግዚአብሔር የተሞሉ ድርሰቶችን ደረሰ፤ ሴቶችንም አሰባስቦ በቤተ ክርስቲያን እንዲዘምሩ አሠለጠነ። እስከ 373 እ.ኤ.አ. ዕረፍቱ ድረስ በዚህ ጸና። የእርሱ ነው ብለን በየዕለቱ የምንጸልየው ውዳሴ ማርያምም ከሌላ ቋንቋ ተተርጕሞ በግእዝ ወደ እኛ የደረሰ ነው። ቋንቋ መሻገሩ ጣዕሙን አልቀነሰበትም።

ከቤተ ክርስቲያናችን አጥር ውጭም ይኸው እውነት ይታያል። በሃይማኖት ከእኛ የሚለዩት የፊሊፒንስ ካቶሊኮች ወንጌልን የሰሙት ከስፔን ገዥዎች ጋር ከመጡ መነኮሳት ነው። ጸሎቱ በላቲን፣ የገዥው ቋንቋም ስፓኒሽ ነበር። በ1704 እ.ኤ.አ. ግን ጋስፓር አኪኖ ዴ ቤሌን የተባለ ያገሩ ተወላጅ የጌታን ሕማም በታጋሎግ ቋንቋ በግጥም አሳተመ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሀገር ሰሙነ ሕማማት በመጣ ቁጥር ምእመናን በየመንደሩ ተሰብስበው እየተቀባበሉ ሕማሙን በዜማ ያነብባሉ፤ ይህንም «ፓባሳ» ይሉታል። እኛ በግብረ ሕማማት ንባብና በስግደት የምናሳልፈውን ሳምንት እነርሱ በዚህ ያሳልፉታል። ሃይማኖቱን ከውጭ ሰዎች እጅ የተቀበለ ሕዝብ በራሱ ቋንቋ ማልቀስ በጀመረ ጊዜ የተቀበለው ነገር የራሱ ሆነ። ይህን ማስተዋል ለእኛ ይጠቅማል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የበዓለ ጰራቅሊጦስ ምስክርነት አለን። መንፈስ ቅዱስ በወረደ ጊዜ ሐዋርያት በየሀገሩ ቋንቋ የእግዚአብሔርን ታላቅ ሥራ ተናገሩ እንጂ ሕዝቡን ሁሉ አንድ ቋንቋ አላስተማሩም። «ጦሳ» ብሎ አምላኩን የሚጠራ፣ «ጎዳ» ብሎ ጌታውን የሚለምን የወላይታ አንደበትም በዚያ ቀን ከተባረኩት አንደበቶች አይለይም።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን በወላይትኛ መዘመር እንግዳ ነገር አይደለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን ሥራው ገና ነው። አንድን የአማርኛ መዝሙር ቃል በቃል መልሶ ማዜም ብቻ አይበቃም። በአማርኛ ዜማው ላይ የተቀመጠ የወላይትኛ ቃል ብዙ ጊዜ እንደ ተውሶ ልብስ ይሆናል፤ ወይ ይጠብባል፣ ወይ ይሰፋል። የሚያስፈልገው የድጓውን ምሥጢር የሚያውቅ የአብነት መምህርና ወላይትኛውን ከነለዛው የሚያውቅ ሽማግሌ አንድ ላይ ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ነው። መምህሩ ምሥጢሩን ይጠብቃል፤ ሽማግሌው ቋንቋውን ያቀናል፤ ወጣቱ ደግሞ ያጠናል፣ ይዘምራል። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት መርምረው ሲያጸድቁት ለሁሉም ይደርሳል።

ግእዙንም መተው የለብንም። ዳዊቱን ከነትርጉሙ እንማር። በየሳምንቱ የሚሰበከውን ምስባክ ሦስት መስመር ትርጉም በአማርኛና በወላይትኛ አስቀድመን ብናጠና በእሑድ ጠዋት ዲያቆኑ ሲያዜመው ቃሉ የራሳችን ይሆናል። በዓመቱ መጨረሻ ከአምሳ የሚበልጡ የዳዊት ልመናዎች በልባችን ይኖራሉ። ያን ጊዜ «ልቤን አይነካውም» ያለው ወጣት የተዘጋው ዜማው ሳይሆን የትርጉሙ በር እንደ ነበረ ያስተውላል።

በቤታችንም የሚደረግ አለ። እናቶቻችንና አያቶቻችን በወላይትኛ የሚጸልዩትን ጸሎት እንስማቸው፤ አብረናቸውም እንጸልይ። ከከተማ ለጊፋታና ለመስቀል ወደ ቤት የሚመለስ ወጣት ከሚያመጣው ስጦታ ጋር አንድ መዝሙር በቋንቋዋ ለእናቱ ይዞ ቢመጣ መልካም ነው። በዚያ ማታ ከበሬው ሥጋና ከቅቤው ሌላ የነፍስ ማዕድ በቤቱ ይቀርባል።

የተወደዳችሁ እኅቶችና ወንድሞች፣ ናፍቆተ እግዚአብሔር ከእኛ የጀመረ አይደለም። እርሱ አስቀድሞ ፈልጎናል። ሰማርያዊቷን ሴት በያዕቆብ ጕድጓድ አጠገብ ተቀምጦ ውኃ የለመናት፣ በመስቀል ላይም ሆኖ ተጠማሁ ያለው ጌታ የእኛን መዳን የተጠማ ነው። የቅዱስ ያሬድ ዜማም፣ የበገናው ድምፅም፣ በወላይትኛ የሚዘመረው መዝሙርም ለዚህ ጥም የምንሰጠው መልስ ነው። መልሱ በአንደበት ተጀምሮ በቅዱስ ቍርባን እንዲፈጸም፣ ከዳሞታ ግርጌም በየቋንቋው የሚመሰገንባት ሰማያዊት ኢየሩሳሌም እንድትናፈቅ አምላካችን ይርዳን። የአቡነ ተክለ ሃይማኖትና የቅዱስ ያሬድ በረከት፣ የእመቤታችን አማላጅነት አይለየን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።